ሲሚንቶውን ቆጥሬ አፈሩን ረሳሁት

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሰው ወጪ ስመዘግብና ስፈትሽ፣ "ይህቺ ደግሞ ከየት መጣች?" እያልኩ ስጠይቅ ነው የምውለው። እንዲህ ሆኜ ለእናቴ ግቢ ኮንክሪት ያወጣሁት በጀት ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ ገና አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሳይቀደድ ፈረሰ። መሥሪያ ቤት ላሉ ባልደረቦቼ እስካሁን አልነገርኳቸውም። እዚህ የምጽፈው የራሳችሁን ግቢ ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ቀድማችሁ እንድታዩት ነው።

ቤቱ አዲስ አበባ፣ ለቡ ነው። ከውጭ በር እስከ ሳሎኑ ደረጃ 9 ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 6 ሜትር ነው። የለቡን ጥቁር አፈር የኖረበት ያውቀዋል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ክረምት ሲገባ ያብጥና ጫማ ይዞ ያስቀራል። እናቴ ነሐሴ ላይ በር ከፍታ ስትመለስ አንሸራተታትና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ፣ "እታለም፣ ግማሹን እኔ እልካለሁ፤ የሚመጣው ክረምት በጭቃ እንዳያገኛት" አለኝ። እኔም አንድ እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ በጀት ጻፍኩ። ስድስት መስመር ነበረው፦ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ፌሮ፣ የግንበኛ የእጅ ዋጋ፣ የሚክሰር ኪራይ። ከሥር "መጠባበቂያ 10 በመቶ" ብዬ ጨመርኩና ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

የበጀቱ ግማሽ ትክክል ስለነበር መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ። ከብር በፊት በመጠን መጀመሬ ጥሩ ነበር። እዚህም የብር ዋጋ የማልጽፈው ለዚሁ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሚቀጥለው ወር ያሳስታችኋል። በተለይ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የፌሮ ነጋዴ ጠዋት የነገራችሁን ዋጋ ከሰዓት ላይደግመው ይችላል። ሜትር ኩቡ ግን ባለበት ይቆያል። መጠኑን አንዴ በትክክል ከጻፋችሁ፣ ዋጋውን በምትገዙበት ቀን ጠዋት ደውላችሁ ትሞሉታላችሁ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 9 ሜትር በ6 ሜትር 54 ካሬ ይሆናል። ውፍረቱን 10 ሳንቲ ሜትር ብንይዝ 5.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው፤ ለሚፈሰውና ለሚባክነው 10 በመቶ ሲጨመር ወደ 6 ይጠጋል። ሲ 25 ለሚባለው ኮንክሪት በእኛ አገር የሥራ ዝርዝሮች ላይ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይጻፋል። ይህን ሁሉ ማስታወስ ላልፈለገ አንድ አቋራጭ አለ፦ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ወለል አንዱ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 1.4 ካሬ ያህል ያለብሳል። ካሬያችሁን ለ1.4 አካፍሉና 10 በመቶ ጨምሩ። ለእኔ 43 ከረጢት መጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሲሚንቶ ዋጋው የሚጠራው በኩንታል ነው፣ የሚመጣው ግን በ50 ኪሎ ከረጢት ነው። አንድ ኩንታል ሁለት ከረጢት ነው። አንድ ጎረቤታችን ግንበኛው "20 ኩንታል" ሲለው 20 ከረጢት አስጭኖ መጣና፣ ሥራው መሐል ላይ ቆሞ ሰዎቹ ቁጭ ብለው የቀን ሒሳባቸውን በሉ። ስትደራደሩ "በኩንታል ነው ወይስ በከረጢት?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውንም እዩ፤ ለአርማታ 42.5 የሚለውን ፈልጉ፣ 32.5 የሚለው ለልስንና ለግንብ ይሁናችሁ።

አሁን ወደ ስህተቴ ልግባ። ሥራው ሚያዝያ ላይ እንዲሆን ተነጋግረን ሳለ እኔ ሲሚንቶ ይወደዳል ብዬ የካቲት ላይ 43ቱንም ከረጢት ገዛሁ። ሰርቪስ ቤት ወለሉ ላይ ደረደርኩት፤ በላስቲክም ሸፈንኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሚያዝያ ላይ ስናነሳው ከታች የነበሩት 6 ከረጢቶች ድንጋይ ሆነዋል። የላይኛው ላስቲክ ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ከልክሎ ይሆናል፣ ከወለል የሚመጣውን እርጥበት ግን ምን ያድርገው? ሲሚንቶ ከወለልም ከግድግዳም ራቅ ብሎ ጣውላ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እንዲያም ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ማቆየት አይመከርም። ዋጋ ጨምሮ አተርፋለሁ ያልኩት የስድስት ከረጢት ኪሳራ ሆኖ ቀረ።

ያ እንኳ ቀላሉ ነው። ዋናው ቁፋሮው ነበር።

ግንበኛው በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ለቡ ላይ ብዙ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከውጭ በሩ ጀምረው መኪና በምትገባበት በኩል አፈሩን ማስነሳት ጀመሩ። እኔ በልቤ የያዝኩት "ላዩን ጠረግ ጠረግ አድርገው ኮንክሪቱን ይሞላሉ" የሚል ነበር። 10 ሳንቲ ሜትር ወረዱ፣ ጥቁር። 20 ወረዱ፣ ያው ነው። 40 ላይ ሲደርሱ አካፋቸውን አቆሙና ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይኼን እያየሽው ነው? ይኼ አፈር ውሃ ሲጠጣ ይነሳል፣ ሲደርቅ ይወርዳል። ከላዩ የምታስቀምጪውን ሁሉ ይዞ ነው የሚነሳው።"

"ታዲያ ሁሉን ማውጣት አለብን?"

"ሁሉን ማን ያወጣዋል? ታች ገና አለ። ግን ቢያንስ ይችን 40 አውጥተን ድንጋይ እንሙላ። ወይ ደግሞ..." አሉና ትንሽ አሰቡ፣ "ብሩ ካጠረሽ ኮንክሪቱን ወደ 7 እናሳንሰው፣ ሲሚንቶውንም ቀነስ እናድርገው። ላዩ ሊሾ ከሆነ ማንም አያውቅም።"

በዚያች ደቂቃ እግሬ ሥር ያለውን ጉድጓድ እያየሁ በአእምሮዬ ማስላት ጀመርኩ። 54 ካሬ በ40 ሳንቲ ሜትር 21.6 ሜትር ኩብ አፈር ነው። አፈር ደግሞ ሲቆፈር ይነፋል፤ መሬት ውስጥ ተጠቅጥቆ ከነበረው ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ የሚጫነው ወደ 28 ሜትር ኩብ ነው። ይህ 16 ሜትር ኩብ በሚይዘው ሲኖ ትራክ ሁለት ቢያጆ (ምልልስ) ነው። በበጀቴ ውስጥ ለዚህ የተያዘ ሳንቲም የለም። በእሱ ምትክ የሚሞላው ድንጋይስ? እሱም የለም። ሁለቱንም የሚቆፍረው፣ የሚጭነው፣ የሚደለድለው የሰው ጉልበትስ? 10 በመቶ መጠባበቂያዬ ከነሙሉ ክብሩ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

ለወንድሜ ደወልኩ። ሳቀ። እሱም ሜሪላንድ የመኪና መግቢያ ሲያሠራ ከሁለት ሰዎች ዋጋ ተቀብሎ ነበር፤ ርካሹ ርካሽ የሆነው አፈር ማስወጣቱንና ከሥር የሚነጠፈውን ጠጠር ስላላስገባ እንደሆነ የገባው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። "እዚያም እዚህም ያው ነው እታለም፣ ሰው ዋጋ የሚጠራልሽ ላየው ነገር ብቻ ነው" አለኝ። ከዚያ ደግሞ በዚያው ድምፅ "ደረሰኙን ላኪልኝ" አለ። ወንድም ነው፣ ምን ይደረግ።

የጋሼን "ወደ 7 እናሳንሰው" ግን እምቢ አልኩ፤ የማሞግሰው ብልሃት ኖሮኝ ሳይሆን ቀድሞ ስለቀጣኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ግቢ ጥግ ለ2000 ሊትር ሮቶ ማቆሚያ አሠርቼ ነበር። ሌላ ግንበኛ ነው፤ "ለዚች ለሮቶ ምን ያስፈልጋታል" ብሎ አፈሩ ላይ እንዳለ ስስ ኮንክሪት አፈሰሰበት። ሞልቶ ሲቀመጥ ግን ሁለት ቶን ነው። አንድ ክረምት አለፈና ወደ አጥሩ አዘነበለ፤ እስካሁን ድንጋይ ተደግፎ ነው የቆመው። የቀነስኩት ሲሚንቶ ሁለት ከረጢት አይሞላም ነበር።

ስለዚህ ውፍረቱን ሳይሆን ስፋቱን ቀነስኩ። ግቢውን ለሁለት ከፈልኩት፤ ከውጭ በር እስከ ደረጃው ድረስ 3 ሜትር ወርድ ያለው መንገድ፣ ማለትም 27 ካሬ፣ አሁን እንደሚገባው ይሠራ፣ ሌላው 27 ካሬ ይቆይ። እናቴ የምትሄድበትም መኪና የምትገባበትም ይኸው መንገድ ነው። ገንዘብ ሲያጥር የምመክረው ይህን ነው። ግማሹን በደንብ ያሠራ ሰው ሌላውን ግማሽ በሌላ ጊዜ ይጨምርበታል፤ ሙሉውን አሳስቶ ያሠራ ግን ኋላ የመሥሪያውን ብቻ ሳይሆን የማፍረሻውንም ይከፍላል። የተሰባበረ ኮንክሪት ማስወጣት ደግሞ አፈር ከማስወጣት ይከብዳል።

አዲሱን በጀት እዚያው አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት። ከታች ወደ ላይ ነው የጻፍኩት፤ ከጉድጓዱ ጀምሬ። 40 ሳንቲ ሜትር ቁፋሮ፤ የሚወጣው 10.8 ሜትር ኩብ፣ ሲነፋ 14 ገደማ፣ አንድ ሲኖ። ከሥር 25 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ድንጋይ፣ ክፍተቱን የሚሞላና የሚያስተካክል 5 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር)፣ ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት። ድምሩ 40፤ ስለዚህ ወለሉ ከድሮው መሬት ከፍታ ጋር እኩል ይመጣል፣ የሳሎኑን ደረጃ አይበላም። ይህን ድምር ሳይሠሩ የሚሞሉ ሰዎች በር የማይከፈትላቸው ያኔ ነው።

ገረጋንቲውን ማን ይፈልገዋል ብላችሁ እንዳትሰርዙት። ድንጋዩ ላይ ጎርበጥባጣ ሆኖ ከቀረ ጉድጓዱን ሁሉ የሚሞላው ውዱ ኮንክሪት ነው። በ27 ካሬ ላይ አማካይ ውፍረቱ በ1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጨምር ሩብ ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ይህም ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ነው። በ3 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት ስድስት ከረጢት። ግንበኛ "ሲሚንቶ አለቀ" ሲል ሌባ ነው ብዬ የምጠረጥርበት ጊዜ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌባው ያልተስተካከለው መሬት ነው። ከመሙላታችን በፊት በነበረው ምሽት ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥረን፣ በየአንድ ሜትሩ በሜትር ወደ ታች ለካን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ፌሮውም አስተምሮኛል። ጋሼ በግምት "40 ቤርጋ ባለ 8 አምጪ" ብለው ነበር፣ ለሙሉው ግቢ፤ ቤርጋ አንዱ የፌሮ ዘንግ ነው፣ ባለ 8 ማለት ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው። ለመንገዱ ስናሰላው ግን እንዲህ ሆነ። ኮንክሪቱ በየ3 ሜትሩ መቆረጥ አለበት፤ አለበለዚያ እሱ ራሱ በፈለገው ቦታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ 9 ሜትሩ እያንዳንዳቸው 3 በ3 የሆኑ ሦስት ገበታዎች ሆነ። ፌሮው በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ከተዘረጋ ለአንዱ ገበታ በአንድ አቅጣጫ 16፣ በሌላው 16፣ በጠቅላላው 32 ቁራጭ ይገባል። ለሦስቱ 96። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ ባለ 3 ሜትር አራት ቁራጭ ይወጣዋል፤ 96 ለ4 ሲካፈል 24 ቤርጋ። አንድም ቁራጭ አልተረፈም። የወለላችሁን ልክ ለ12 በሚስማማ ቁጥር ማድረግ ከቻላችሁ አድርጉ፤ ፌሮ ሻጭ ዘንድ ከምታገኙት ቅናሽ ይበልጣል።

ስትገዙ ደግሞ አንዱን ቤርጋ ሚዛን ላይ አስወጡት። ባለ 8 የሆነ 12 ሜትር ፌሮ 4.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 10 ከሆነ 7.4፣ ባለ 12 ከሆነ 10.7። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ "ባለ 8" ብሎ ያሳየኝ አራት ኪሎ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ሳልከራከር ወጣሁ። ሌላም ላክል፤ ፌሮ ኮንክሪት እንዳይሰነጠቅ አይከለክልም፣ የተሰነጠቀውን አጣብቆ ይይዛል እንጂ። ለዚያም መሬት ላይ ተኝቶ ሳይሆን በኮንክሪቱ ውስጥ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሠራተኞቹ "ስንሞላ በእጅ እናነሳዋለን" ይሏችኋል፤ አያነሱትም። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ትናንሽ ኩቦች ቀደም ብለን አዘጋጅተን ከሥሩ አስገባን። ሰው ብቻ በሚረግጠው ቦታ፣ ሥሩ በደንብ ከተሠራና በየ3 ሜትሩ ከተቆረጠ፣ ፌሮውን መተው ይቻላል ባይ ነኝ። ጋሼ በዚህ አይስማሙም።

አሸዋና ጠጠር ላይ ብዙ አልቆይም። ለ3 ሜትር ኩብ ኮንክሪት 1.5 ሜትር ኩብ አሸዋና 2.5 ሜትር ኩብ ባለ 02 ጠጠር ይበቃል። ይህን ያህል ብቻ የሚያመጣ ሲኖ ግን የለም። አጥር የሚያሠራ ጎረቤት ነበረን፤ አንድ ቢያጆ አሸዋ ተካፈልን፣ የተረፈኝን ሲሚንቶም እሱው በገዛሁበት ዋጋ ወሰደልኝ። ከ43ቱ 6ቱ ደርቆ፣ 22ቱ ለሥራው ገብቶ፣ 15 ተርፎኝ ነበር። የመኪናውን ሳጥን ርዝመት፣ ወርድና የጭነቱን ከፍታ ሳይወርድ በሜትር ለኩ፤ ሾፌሩ ቢቆጣም ለኩ። እርጥብ አሸዋ ከደረቁ በሩብ ያህል ተነፍቶ ሊታይ እንደሚችልም አትርሱ።

የአሸዋውን ንጽሕና በሃይላንድ ጠርሙስ ነው የማየው። ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃና ጥቂት ጨው፣ በኃይል ነቅንቆ ሁለትና ሦስት ሰዓት ማስቀመጥ። ከላይ የሚረጋው ደቃቅ ጭቃ ነው። የእኛ አገር ደረጃ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለው አሸዋ ታጥቦ ይግባ ወይም ይመለስ ይላል። የመጀመሪያው ናሙና በዓይን እንኳ ከአሥር አንድ እጅ የሚሆን ጭቃ ነበረው። ቀብድ ስላልከፈልኩ መለስኩት። ቢሆንም ስለ ቀብድ ያለኝን ሐሳብ በኋላ አመጣዋለሁ።

በጀቴ ውስጥ ስም ያልነበራቸው ሌሎች ወጪዎችም መጡ። ሲኖው ሰፈር ሲገባ ጫኝና አውራጅ ወጣቶች ይመጣሉ፤ ገልባጭ መኪና ሆኖ የሚያወርዱት ነገር ባይኖርም ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ቆሞ እየጠበቀ ባለ ሾፌር ፊት የሚደረግ ድርድር ሁሉ የሚያልቀው በእናንተ ኪሳራ ነው። አሸዋው መንገድ ላይ የሚያድር ከሆነም ወረዳ ጠይቁ፤ ደንብ አስከባሪ ሌሊት አይመጣም ያለኝን ሰው አምኜ ነበር።

ከዚያ ውሃ። ለቡ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። ለማቡኪያ ብቻ በሜትር ኩብ 180 ሊትር ያህል ስንይዝ ለ3 ሜትር ኩብ ከ500 ሊትር በላይ ነው፤ የሚያስቸግረው ግን ይህ አይደለም፣ ሮቶው ይበቃዋል። የሚያስቸግረው ከተሞላ በኋላ ለሰባት ቀን ማጠጣቱ ነው። በቀን ጠዋትና ማታ አንድ በርሜል አንድ በርሜል፣ ማለትም 400 ሊትር ብትሉ በሳምንት 2800 ሊትር ነው። ፈረቃችን በዚያ ሳምንት ተዘለለና ውሃ በቦቴ አስመጣሁ። አሁን ቢሆን መጀመሪያ የፈረቃውን ቀን አይቼ ነበር የመሙያውን ቀን የምቆርጠው። ጆንያ ከላይ አልብሶ እሱን ማርጠብ ውሃውን በብዙ ይቆጥባል፤ ይህን በአራተኛው ቀን እናቴ ናት ያመጣችው፣ የበርበሬ ጆንያዎቿን አውጥታ።

የተዘጋጀ ኮንክሪት በመኪና አስመጥቼ በአንድ ሰዓት ለመገላገልም ጠይቄ ነበር። ለ3 ሜትር ኩብ መኪናው አይነሳም፣ ቢነሳም በእኛ መንገድ አይገባም። ለትልቅ ቤት ጣሪያ ከሆነ አስቡበት፤ ለግቢ ሚክሰር ተከራዩ።

የመሙያው ቀን እኔ የያዝኩት አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ሳጥንና ባልዲ መቁጠር። መለኪያው ከጣውላ የተሠራ 50 በ40 የሆነና 18 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ሳጥን ነው፤ 36 ሊትር ይይዛል፣ ይህም ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። በአካፋ ከተቆጠረ እኮ ጠዋት ያለው አካፋና ከምሳ በኋላ ያለው አካፋ አንድ አይደለም። ውሃው ላይ ነው ጭቅጭቁ። ቀጭን ሲሆን መግፋት ይቀላል፣ ስለዚህ የሚክሰሩ ልጅ ዞር ስትሉ አንድ ባልዲ ይጨምራል። 360 ኪሎ ሲሚንቶ ከፍላችሁበት፣ በዚያች ነፃ ባልዲ ግማሽ ጥንካሬውን ልታፈሱት ትችላላችሁ። ወደ ውጭ በሩ በሜትር 1.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ሰጠነው፤ በ9 ሜትር 13.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ውሃው ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወደ ቦዩ እንዲሄድ። ከመሙላታችን በፊትም ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ቀበርንበት፣ አፉን በላስቲክ አስረን። ነገ መብራት ወይም ውሃ ማሳለፍ ቢያስፈልግ የሚፈርስ የለም። ከሁሉም ወጪ ርካሹ እሱ ነበር፤ በጣም የምወደውም እሱን ነው።

ስለ ክፍያ። ከጋሼ ጋር የእጅ ዋጋውን በቁርጥ ነው የተዋዋልነው፣ ቁፋሮውን ግን ለብቻው በሜትር ኩብ። ጥቁር አፈር የት እንደሚያልቅ ማንም ስለማያውቅ፣ ቁፋሮን በቁርጥ ያስገባ ግንበኛ ወይ ይከስራል ወይ ኮንክሪታችሁ ላይ ያካክሳል። ክፍያውን በአራት ከፈልነው፦ ቁፋሮ ሲያልቅ፣ ድንጋዩ ተደልድሎ ሲለካ፣ ሲሞላ፣ የመጨረሻውን ደግሞ በሰባተኛው ቀን ጆንያው ሲነሳ። የመጨረሻዋን ክፍያ ትንሽ አታድርጓት፤ ሰውን ተመልሶ እንዲመጣ የምታደርገው እሷ ናት። ለዕቃም ቀብድ የምሰጠው ዕቃው በር ላይ ደርሶ ካየሁት በኋላ ብቻ ሆኗል፤ ይህን የምለው ጠጠር ላይ የሰጠሁት ቀብድ አሥራ አንድ ቀን ስላስለመነኝ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ለወንድሜ ሒሳቡን አጣርቼ ላክሁ። የአሸዋና የአፈር ደረሰኝ የሚባል ነገር ስለሌለ መኪናውን ከነታርጋው፣ ጭነቱን ከነሜትሩ ፎቶ አንስቼ ነበር። ከወጣው መቶ ብር ውስጥ ለሲሚንቶ የሄደው 20 አልሞላም። ፌሮ፣ አሸዋና ጠጠር ሲጨመሩ ግማሽ ያህል ይሆናሉ። ቀሪው ቁፋሮ፣ አፈር ማስወጣት፣ ድንጋይ፣ የሰው ጉልበት፣ ውሃ፣ ምሳ፣ የሰፈር ጣጣ ነው። እኔ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንን ሁሉ ጊዜ የፈጀሁት በዋናነት ስለ ሲሚንቶ ስጨነቅ ነበር።

ቀሪው 27 ካሬ አሁንም ጭቃ ነው። እሱን በኮብልስቶን ላድርገው እያሰብኩ ነው፤ በዚህ አፈር ላይ ቢነሳና ቢወርድ ድንጋዩ ተነቅሎ ይስተካከላል፣ እንደ ኮንክሪት አይሰበርም። ጋሼ መስከረም ጠብቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል እንጀምር ብለዋል። ለእሱ አዲስ ገጽ ከፍቻለሁ፤ የመጀመሪያው መስመር "አፈር ማስወጫ፣ አንድ ሲኖ" የሚል ነው።